የዮሃይ ኮምፒውተር የወደቀባቸው ጠዋቶች

ውበቱ ንግግር ያውቃል። እስራኤል ውስጥ አፉላ ኢሊት በምትባለው ሰፈር ተኳርፈው የሰነበቱ ባልና ሚስት አንድ ቀን ጎን ለጎን ወደ ገበያ ሲወርዱ ካያችሁ፣ መሀል የገባው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አማትን ከምራት፣ ወንድምን ከወንድም አስታርቋል። አንድ በጋ የላይኛው ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ የታችኛውን ቤት የተሰጣ ልብስ እያበሰበሰ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ፖሊስ ሊጠሩ ስልክ ሲያነሱ ደርሶ ሁለቱንም አስቆ ነው የመለሳቸው። ሽማግሌ ይሉታል፤ ይህ ነገር በሆነበት በፈረንጆች ሁለት ሺህ ሰባት ግን ዕድሜው ገና ሃምሳ ሁለት ነበር።

ችግሩ ምላሱ ከሐሳቡ ቀድሞ መሮጡ ነው። ለሰው ሲሮጥ ጥሩ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሮጦ የገዛ ልጁን ረገጠበት።

ኑሮው እንደ ሰው ኑሮ ነው። በፈረንጆች ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት አንዱ ነው፤ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ አፉላ። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባልዲና የአበባ መትከያ በሚያወጣ የፕላስቲክ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ማሽኑን በድምፁ ያውቀዋል፤ ድምፁ ገና ሲለወጥ ምን እንደጎደለው ለመካኒኩ ይነግረዋል። ሚስቱ ውባየሁ በአረጋውያን መጦሪያ ታጸዳለች። እሷ ጎሕ ሲቀድ ትወጣለች፣ እሱ ፀሐይ ስትወጣ ይገባል፤ በሳምንት አምስት ቀን በደንብ የሚተያዩት ከሰዓት በኋላ ነው። ሴት ልጃቸው ቲክቫ አግብታ ሄዳለች። ወንድ ልጃቸው ዮሃይ ወታደር ነው።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ። ውበቱ በወጣትነቱ ጎንደር ውስጥ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ጎማ ይፈታል፣ ጭነት ያስራል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። ሾፌሩ ሰይፉ የሚባል ሰው "ለከርሞ መሪውን አስጨብጥሃለሁ" እያለ አራት ዓመት አባበለው። መሪውን ሳይጨብጥ አገር ለቀቀ። እዚህ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የተመኘው መንጃ ፈቃድ ነበር። ቴዎሪያ የሚሉትን የጽሑፍ ፈተና ስድስት ጊዜ ተቀመጠ፤ ስድስት ጊዜ ወደቀ። ሰው መሀል አንደበቱ የማይታሰረው ውበቱ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ላብ ያጠምቀዋል፣ የሚያውቀውም ይጠፋበታል። ከስድስተኛው በኋላ ለሚስቱ "ሐኪሙ ዓይንህ ለመንዳት አይሆንም አለኝ" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ዓይኑ ምንም አልነበረበትም።

ኮምፒውተሩን የሠራው ዮሃይ ነው። ሁለት የትምህርት ቤት ዕረፍት ሱፐርማርኬት ውስጥ ሣጥን እየተሸከመ፣ አንዱን ዕቃ ዛሬ ሌላውን በሚቀጥለው ወር እየገዛ በገዛ እጁ ገጣጠመው። ለጨዋታ የተሠራ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎኑ ላይ መስኮት አለው፣ ሲበራ ሆዱ ሰማያዊ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የመኪና መሪ፣ ከሥሩም ሁለት ፔዳል ነበረው። ልጁ ሠራዊት ሲገባ ውባየሁ ለኮምፒውተሩ ዳንቴል ሠራችለት። በዚያ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ስልኩ ለብሷል፣ ማይክሮዌቩም ለብሷል። ይኼኛውን ግን በልጇ ናፍቆት ስለሠራችው ከሁሉም ረዘመ፤ ዘርፉ እስከ ጠረጴዛው ይወርዳል።

"እማ፣ ያምራል። ግን ሲበራ መነሣት አለበት፤ አየር ይፈልጋል" አላት ዮሃይ።

"አንተ ከሌለህ ማን ሊያበራው?" አለችው።

ማን እንዳበራው እንግዲህ ገምታችኋል። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ዮሃይ ለዕረፍት መጥቶ የከባድ መኪና ጨዋታ ሲጫወት አባቱ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ተሳቢ ያለው መኪና፣ ሰፊ አስፋልት፣ ዝናብ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሳይቀር ከግራ ቀኝ ይላል። "ና አባ፣ ሞክረው" አለ ልጁ ወንበሩን ለቆ። ውበቱ "ወዲያ! የልጅ ነገር" አለና ተቀመጠ። መሪውን ጨበጠ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ገደል ገባ፤ በሁለተኛው አጥር ጣሰ፤ በአምስተኛው ሙከራ ጭነቱን ካሰበበት አደረሰ። ዮሃይ አጨበጨበለት። ከዚያች ቀን ወዲህ የሰውዬው እንቅልፍ ተሠረቀ።

ከፈረቃ ሲመለስ ፊቱን ይታጠባል፣ ዳንቴሉን ያነሣል፣ ይነዳል። አንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዴ ሦስት ሰዓት። ሰው አይጎዳም፣ ማንም አያየውም፣ ፈታኝ የለም። ደስታው ይህ ነው የማይባል ነበር፤ ግን ከደስታው ጋር አብሮ የሚመጣ ሐፍረት ነበረው። ምክንያቱም በዚያ መንደር ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ እንደ ውበቱ አፉን ሞልቶ የተናገረ ሰው አልነበረም። "ልጆቻችሁን ከዚያ ሣጥን ንጠቁ! ዓይናቸውን ያፈሰዋል፣ ልባቸውን ያደነዝዘዋል" ይል ነበር ጸሎት ቤት ውስጥ። እናቶች ጠቅሰውታል። አንድ ልጅ በእሱ ምክር ኮምፒውተሩ ተሸጦበታል። ታዲያ ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት የሌለ መኪና ሲነዳ ቢያዝ ምን ይባላል?

ጠዋት ደግሞ ሰው የሚመጣበት ጊዜ ነው። ባሏ ያስከፋት፣ ልጁ ያመፀበት፣ ደብዳቤ የመጣበት ሁሉ ውበቱ ከሥራ እንደገባ በሩን ያንኳኳል። የታችኛዋ ጎረቤት ሸጋዬ ብቻ እንኳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣለች። በሩ ሲንኳኳ ውበቱ ይበረግጋል። ኮምፒውተሩን በወጉ አጥፍቶ ለመነሣት ጊዜ የለም፤ እንዴት እንደሚጠፋም በደንብ አያውቅም። ስለዚህ ስክሪኑን ብቻ ይዘጋና ዳንቴሉን በሣጥኑ ላይ ድፍት አድርጎ፣ ዘርፉን በዙሪያው ጠቅጥቆ፣ ሰማያዊው ብርሃን እንዳይታይ ይሸፍነዋል። ከዚያ ሳሎን ገብቶ ሽምግልናውን ይቀመጣል። ሸጋዬ ስለ ባሏ አንድ ሰዓት ተኩል ታለቅሳለች፤ ያ ዕቃ በዚያኛው ክፍል ዳንቴሉን ተከናንቦ ውስጥ ውስጡን ይነዳል።

በሦስተኛው ወር መውደቅ ጀመረ። መንገድ ላይ እያለ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል፣ ነጭ ጽሑፍ ይሞላበታል፣ ከዚያ ራሱን አጥፍቶ ራሱን ያበራል። መጀመሪያ ቀን ውበቱ እጁን ከመሪው አንሥቶ ወደ ኋላ ሸሸ። በሚቀጥለው ቀን ፋብሪካ ውስጥ እንደለመደው ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፤ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከግድግዳው ነቅሎ መልሶ ሰካው። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ጠየቀው፤ ያልገባውን ጥያቄ "እሺ" ማለት ክፉ አይሆንም ብሎ አንዱን ቁልፍ ጫነ። ባሰበት። በሳምንት አንዴ የነበረው በቀን ሁለቴ ሆነ። ያኔ መተው ነበረበት። ተወው? አልተወም።

ዮሃይ አርብ መጥቶ ሲከፍተው ኮምፒውተሩ ዓይኑ እያየ ሦስት ጊዜ ወደቀበት። ያን ከሰዓት በኋላ ሙሉ አጎንብሶ ሲሠራ ዋለ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሳሎን ብቅ አለ።

"አባ፣ እዚህ ክፍል ሰው ገብቶ ነበር?"

"ማን ይገባል?" አለ ውበቱ።

ዮሃይ "በሴዴር" ብሎ ተመለሰ። እሺ ማለቱ ነው። ሌላ ነገር አልጠየቀም።

በማግሥቱ ሰንበት ነው። ከጸሎት በኋላ ወንዶቹ ጸሎት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ከሁሉም ታላቅ የሆኑት አባ ታደገ የልጁን ፊት አዩ።

"ምነው ዮሃይ፣ ጠቁረሃል። ጦሩ ከበደህ?"

"አይ አባ ታደገ፣ ደህና ነኝ። ማህሼቩ ተበላሽቶብኝ ነው።" ኮምፒውተሩን ማለቱ ነው።

አባ ታደገ ወደ ውበቱ ዞሩ። "ምን አግኝቶት ነው? አንተ ቤት እኮ ዕቃ አይበላሽም።"

"እኔ እንጃ" ቢል ይበቃ ነበር። ሁለት ቃል ናት። ግን ሃያ ሰው እያየው ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ምስጢር ይሞቀዋል፣ ምላሱም ሮጠ።

"ምን ያገኘዋል አባ ታደገ፣ ራሱ ነው የገደለው! ለዕረፍት ሲመጣ እናቱን በወጉ ሰላም ሳይል ከእሱ ጋር ይፋጠጣል። ከየትም የለቀመውን ጨዋታ ይጭንበታል፣ ዕቃው ምን ያድርግ? ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። እኛ በዚህ ዕድሜ ቤት እናስተዳድር ነበር፤ እሱ ቁጭ ብሎ የሌለ መኪና ይነዳል! ሰው እንዴት በሌለ መኪና ዕድሜውን ይፈጃል?"

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ አንዳንዱ ሣቀ። አንዳርጌ የሚባለው፣ ልጁ በውበቱ ምክር ኮምፒውተሩ የተሸጠበት ሰው፣ "ይኸው፣ የራሱንም ልጅ አይምርም" ብሎ አደነቀው። ዮሃይ ጆሮው ድረስ ቀላ። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አባት በሽማግሌ ፊት ሲናገር ልጅ መልስ አይሰጥም፤ ውበቱም ይህን ያውቅ ነበር። ያንን ስለሚያውቅ ነው እንደዚያ የደፈረው፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ማለዳ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ወረደ። በሚቀጥለው አርብ አልመጣም። ዘብ አለብኝ አለ። ከዚያ በቀጠለው አርብ ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ አለ። ውባየሁ በስልክ ለመነችው፣ ስለ ኮምፒውተሩም ጠየቀችው። "እማ፣ እኔ አይደለሁም ያበላሸሁት። ግን ተይው" አላት። እሷ ለሰንበት የበሰለውን ወጥ ሳይነካ መልሳ ስትከድን ውበቱ ያያል። እሱም ሳይቀምስ ይተኛል።

ኮምፒውተሩ ከተሠራ ልጁ ይመለሳል ብሎ አሰበ። እውነቱን ሳይናገር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይፈልግ ነበር፤ እኔ የምለው ይህንን ነው። ድረስን ጠራው። ድረስ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው፤ ሚስቱን ሲያገባ የሽምግልናውን ቃል የተናገረለት ውበቱ ነበርና ለእሱ ያለው አክብሮት ልዩ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዕቃ ቦርሳውን ይዞ መጣ።

"ጋሽ ውበቱ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ሲወድቅ ምን እየተሠራበት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። የልጁ ነው።"

ድረስ ተቀመጠ። መጀመሪያ ቫይረስ ፈለገ፤ የለም። የሚሞሪ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያወጣ እየመለሰ ሞከረ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ውበቱ ከኋላው ቆሞ፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ድረስ ሲሠራ ማውራት ይወዳል።

"አሁን ዮማኑን እናያለን። ዮማን የቀን መዝገብ ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲወድቅ ዝም ብሎ አይወድቅም ጋሽ ውበቱ፤ የወደቀበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል። ከሰዓቱ ተነሥተን ምክንያቱን እንይዘዋለን።"

ውበቱ መዝገብ እንዳለ አያውቅም ነበር። ያጣመረውን እጁን ፈታ።

"ይኸው" አለ ድረስ፣ በጣቱ ስክሪኑን እየተከተለ። "እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ከሩብ፣ እንደገና ሦስት ተኩል። ሐሙስ ጠዋት... አርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ማታ ከአንዲት አርብ በቀር ምንም የለም። ሌላው ሁሉ ጠዋት፣ ሁሉም የሥራ ቀን። ይገርማል።"

"ማክሰኞ?" አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ውባየሁ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋን ገና አላወረደችም። "ማክሰኞ ዮሃይ እዚህ የለም እኮ። ሦስት ወር ሙሉ ከአርብና ቅዳሜ በቀር አልመጣም። ታዲያ ማን ነው?"

ድረስ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና ዓይኑ ወደ ታች ሄደ። ከሁለቱ ፔዳሎች አጠገብ የውበቱ የቤት ነጠላ ጫማ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። ድረስ ጫማውን አየ፣ የውበቱን እግር አየ፣ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

"ሰዓቱ ነው" አለ። "ውስጡ ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷ ስትደክም ቀኑም ሰዓቱም ይዘባረቃል። የተጻፈው ልክ አይደለም።"

መዋሸቱን ውበቱ ያውቃል። መዋሸቱን ማወቁን ድረስ ያውቃል። ልጅ የሚሆነው ሰው ሥራውን፣ እውቀቱን፣ ያንን ሁሉ ቀን ያነበበውን መዝገብ ለእሱ ክብር ብሎ ጣለው። ውበቱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ዝም አለ። ያን ጊዜም ዝም አለ!

ድረስ ፈጠን ብሎ የሣጥኑን ጎን ከፈተ። ችግሩ ወዲያው ታየ። ምስሉን ከሚያወጣው ካርድ ሥር፣ በመስኮቱ በማይታይበት በኩል ያለችው ማራገቢያ በነጭ ክር ተጠቅልላ ቆማለች፤ የዳንቴሉ ዘርፍ እየተሳበ ገብቶ እንዝርት ላይ እንደተፈተለ ጥጥ ተተብትቦባታል። አቧራው በላዩ ላይ ተጋግሯል።

"ሸፍነው እያበሩት ነው የከረመው። ግሎ ነው የሚወድቀው" አለ ድረስ ቀስ ብሎ። ክሩን በመቀስ እየቆረጠ አወጣው። አዲስ ማራገቢያ ገጠመና አንድ ሰዓት ሙሉ አብርቶ አስቀመጠው። አልወደቀም።

ውበቱ ደረጃው ድረስ ሸኘው። "ድረስ..." ብሎ ጀመረ።

"ጋሽ ውበቱ፣ እኔ ምንም አላየሁም" አለ ድረስ፣ ዓይኑን ሳያሳየው፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ሲመለስ ውባየሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የተቆራረጠውን ክር መዳፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

"ምነው?"

"ልጄ ዋሸኝ" አለች። "ሲበራ አንሡት ብሎ የነገረን እሱ ነው። ሸፍኖ ያበራውም እሱ ነው። ደግሞ 'እማ እኔ አይደለሁም' ይለኛል። ማክሰኞ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ነው ብዬ። ሰዓቱ ነው አለ ድረስ። ውሸት አላስተማርኩትም፤ ከየት አመጣው?"

ያ ደግ ውሸት ዞሮ ልጁ ላይ ወደቀ። ውበቱ ከአሁን በኋላ ቀዳዳ እንደሌለው ያን ጊዜ ገባው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አላስቻለውም።

"ልጅሽ አልዋሸሽም። ሰዓቱም ልክ ነው። እኔ ነኝ።"

"ምኑ ነው አንተ?"

"የነዳሁት። በየጠዋቱ። ሰው ሲመጣ በዳንቴልሽ እሸፍነው ነበር።" ከጀመረው አይቀር ሁሉንም አፈሰሰው። ሐኪም ምንም እንዳላለው፣ ዓይኑ ደህና እንደሆነ፣ ስድስት ጊዜ እንደወደቀ። 

ውባየሁ ፈተናውንም ጨዋታውንም አላነሣችም።

"ሰንበት ማታ ምግብ ሳትቀምስ ስትተኛ አዘንኩልህ" አለችው። "ለልጁ ብለህ መስሎኝ ነበር።" ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነሣች። "ለእኔ መንገርህ ምን ይረባዋል? አባ ታደገ ፊት ነው ያዋረድከው።"

ሰንበት ከጸሎት በኋላ ውበቱ ቆመ። ሲቆም ሁሉም ጸጥ አለ፤ ሲቆም ቁም ነገር አለ ማለት ነው። ለሰው የሚናገረው እንደ ውሃ ይፈስለት የነበረው ሰውዬ ስለ ራሱ ሲሆን በየቃሉ ተደናቀፈ። ኮምፒውተሩን ያበላሸው ዮሃይ እንዳልሆነ፣ በየጠዋቱ የሚጫወተው እሱ እንደነበረ፣ ያን ሰንበት የተናገረው ሁሉ የራሱ ነውር እንደሆነ ተናገረ። አንዳርጌ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሣቀ። ኋላ ሣቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ የተሸጠው የልጁ ኮምፒውተር ትዝ ብሎት ይሆናል። ውበቱ ግን ላቡን ጠረገና፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ቀለለው። ይህን ያህል መናገሬ ቀላል ነገር አይደለም ብሎ በልቡ ራሱን ሊያመሰግን ቃጣው።

አባ ታደገ በትራቸው ላይ ተደግፈው ዙሪያውን ተመለከቱ።

"ልጁ የታለ?"

"አልመጣም አባ ታደገ።"

"ስትሰድበው እዚህ ነበር። ስትክሰው ግን የለም። እኛን ምን አድርጉ ነው የምትለን?"

ውበቱ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሰንበት እስኪወጣ ጠበቀ፤ ሦስት ኮከብ ሲታይ ስልኩን አነሣ።

ዮሃይ ቶሎ መለሰ። "አባ? ማ ካራ? ምን ሆናችሁ?"

"ምንም አልሆንንም። ደህና ነን።" ምራቁን ዋጠ። "ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ዮሃይ። አንተ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት የምጫወተው እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ አባ።"

"ድረስ ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም። ያን አርብ ዮማኑን ከፍቼ አየሁት እኮ። ቀኖቹን አየሁ። ወንበሩም ለአንተ ቁመት ተስተካክሏል።"

ያን አርብ። ከሰንበቱ በፊት። ውበቱ ነገሩን ቀስ ብሎ አሰበው። ሃያ ሰው ፊት "የሌለ መኪና ይነዳል" ሲለው፣ ሰው ሲሥቅበት፣ ልጁ መሬት መሬት ሲያይ፣ መልሱን በአፉ ይዞ ነበር ማለት ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው።

"እያወቅህ ለምን ዝም አልከኝ?"

ከዮሃይ ጀርባ የወታደሮች ጫጫታ ይሰማል።

"ሰው ፊት ነበርን እኮ፣ አባ።"

ውበቱ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረው።

"ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ቀረህ?"

"መጀመሪያ ተናድጄ ነበር" አለ ዮሃይ። "ኋላ ለቀቀኝ። ብመጣ ደግሞ፣ ያልከውን ማስታወስህ አይቀርም፣ እኔን ባየህ ቁጥር ትሸማቀቃለህ ብዬ ነው። አዞቭ አባ፣ ተወው፣ አለፈ። አርብ እመጣለሁ።"

ልጁ ቢሰድበው ይችለው ነበር። ቢጮህበት ደስ ባለው። "እሺ ልጄ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ውባየሁ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "ምን አለህ?"

"አርብ ይመጣል" አላት። ሌላውን አልነገራትም።